12 ቤዝ ይዞ ወደ ውድድር፦ በጥንት ዘመን ሠራዊት የመጀመሪያውን ቶርናመንት እንዴት መጫወት ይቻላል?

በትናንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ በሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ፣ አዲስ ተጫዋች በውድድር ሲሸነፍ ጥፋቱን ዳይሱ ላይ ይጥላል። ጠረጴዛውን ልብ ብሎ ላየው ሰው ግን ምክንያቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፦ መስመሩ በሦስት ቦታ ተበጥሷል፣ ደጀኑ መድረስ አልቻለም፣ አዝማቹ ብቻውን ወጥቶ ቀርቷል። ይህ መመሪያ ምስሎቹን ከማዘጋጀት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዙር ይዘልቃል። ደጋግሞ የሚመለስበት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ ሰልፍ ሳይበጠስ እንዴት እንደሚቆይ።

የትኛውን ሕግ እንምረጥ?

የጥንት ዘመን ውድድሮች በተለያዩ ሕጎች ይካሄዳሉ። አንዳንዶቹ ነጥብ ላይ የቆሙ ናቸው። ለምሳሌ በአር ደ ላ ጌር ሠራዊታችሁን በ200 ነጥብ ትገነባላችሁ፤ በ15 ሚሊ ሜትር ምስሎች የምትጫወቱበት ጠረጴዛም 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው። ለመጀመሪያ ውድድር ግን ደ ቤሊስ አንቲኩዊታቲስን፣ በአጭሩ ዲ.ቢ.ኤ የሚባለውን፣ እንመክራለን። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ 3.0 የሚባለው እትም ደግሞ በ2014 ወጥቷል። እያንዳንዱ ሠራዊት 12 ቤዝ (ምስሎቹ የሚለጠፉበት ትንሽ ሰሌዳ) ብቻ ስለሆነ ግዢውም ሆነ ቀለም ቅቡ በአጭር ጊዜ ያልቃል። አንድ ጨዋታ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ በአንድ ቀን አራትና ከዚያ በላይ ጨዋታ መጫወት ይቻላል። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ተሸንፎ ከአምስቱም መማር ለጀማሪ ትልቅ ዕድል ነው።

ከታች የሚመጡት ቁጥሮች በሙሉ የዚህ ሕግ ናቸው። ከመመዝገባችሁ በፊት ከአዘጋጆቹ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኛው እትም እንደሚሠራ፣ የምስሎቹ መጠን 15 ወይስ 28 ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ሠራዊቱ ከየትኛው ዘመን መሆን እንዳለበት። የሠራዊት ዝርዝሮቹ በአራት ዘመን ተከፍለዋል። ሁለተኛው ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ500 እስከ ክ.ል. በኋላ 476 ያለውን ይይዛል፤ እስክንድርም፣ ሃኒባልም፣ ቄሳርም እዚህ ውስጥ ናቸው። አንዳንድ ውድድር ሁሉንም ክፍሎች ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ በታሪክ የተዋጉትን ብቻ ያጋጥማል። የመካከለኛው ዘመን ሠራዊት ይዞ የጥንት ብቻ የሚፈቀድበት አዳራሽ የደረሰ ሰው ተመልካች ሆኖ ይውላል።

ሠራዊት መምረጥ

ለጀማሪ የሚሻለው አብዛኛው እግረኛ የሆነ፣ የወታደር ዓይነቱ ያልበዛ ሠራዊት ነው። የፖሊቢዮስ ዘመን ሮማ (ከክ.ል. በፊት ከ275 እስከ 105) ጥሩ ምሳሌ ነው። 12ቱ ቤዝ እንዲህ ይመጣሉ፦ በፈረስ ላይ ያለው አዝማች 1፣ ሌላ ፈረሰኛ 1፣ ሰይፈኛ ሌጌዎን 6፣ ትሪያሪ የሚባሉት ባለ ጦር 2፣ ቬሊቴስ የሚባሉት ቀላል እግረኞች 2። ሰይፈኛ ቤዝ ከእግረኛ ጋር ሲዋጋ ዳይሱ ላይ የሚደመርለት ቁጥር 5 ነው፤ ከፈረሰኛ ጋር ሲዋጋ ግን ወደ 3 ይወርዳል። ባለ ጦሩ በሁለቱም ላይ 4 ነው። ትሪያሪዎቹን ከጀርባ ደብቆ ማቆየት የብዙ ጀማሪ ልማድ ነው። የእነሱ ቦታ የጠላት ፈረሰኛ ሊመጣበት በሚችለው የሰልፉ ጫፍ ላይ ነው።

ቀላል ፈረሰኛ የሚበዛባቸው የእስኩቴስ ዓይነት ሠራዊቶች ሲያዩአቸው ያምራሉ፤ በመጀመሪያ ውድድር ግን አትያዙአቸው። በቡድን መንቀሳቀስ ስለማይመቻቸው ትእዛዝ ይበላሉ፤ ጨዋታውም በሰዓቱ ሳያልቅ ይቀራል።

ምስሎቹና ቤዞቹ

ከላይ ያለውን የሮማ ሠራዊት በ15 ሚሊ ሜትር ለመሥራት 36 እግረኛና 6 ፈረሰኛ ያስፈልጋል። ሰይፈኛና ባለ ጦር ቤዝ ላይ 4 ሰው፣ ቬሊቴስ ላይ 2፣ ፈረሰኛ ላይ 3 ይቆማል። የሁሉም ቤዝ ወርድ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ለእግረኛ እንደ ዓይነቱ 15 ወይም 20፣ ለፈረሰኛ 30 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ወርዱ ላይ አትቀልዱ። በእጅ የተቆረጠ ቤዝ 40.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለዓይን አይታይም፤ ስምንቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን መስመሩ 4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤዝ ከፊቱ ካለው ጠላት ጋር ጥግ ለጥግ አይገጥምም፤ ክርክሩ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። በሌዘር የተቆረጠ 2 ሚሊ ሜትር ኤም.ዲ.ኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ግዙ። በእጅ የምትቆርጡ ከሆነ 12ቱንም አስተካክላችሁ ደርድሩና ጠቅላላውን ለኩ፤ 480 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። የሚበልጠውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ።

የብረት ምስል ከሻጋታ ሲወጣ የቀረበትን ትርፍ ጠርዝ በትንሽ ሞረድ አንሱ፤ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ሳይታጠብ የተቀባ ምስል ላይ የሻጋታው ቅባት ስለሚቀር ቀለሙ ውድድሩ መሃል ይላጣል። የመጀመሪያውን መደብ ቀለም በስፕሬይ ስትነፉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ሁለት ስስ ንብርብር አድርጉት። ዝናብ ባረገዘ አየር ውጭ መንፋት አመድ የመሰለ ብናኝ ያስቀራል። በቫርኒሹ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ የሳምንታት ሥራ በደቂቃ ይነጣል።

ቀጫጭን የብረት ጦሮች በአንድ ቀን ጨዋታ ይጎብጣሉ፣ ይሰበራሉም። የሚቻል ከሆነ የምስሉን መዳፍ በስተህ 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ አስገባበት የሚለው የድሮ ተጫዋቾች ምክር ትክክል ነው፤ ጫፉን ግን በሞረድ አደንዝዙት፣ ጣት ይወጋል። ከእያንዳንዱ ቤዝ ሥር የማግኔት ወረቀት ለጥፉ፤ የሚጓዙበትን ሳጥን ወለል ደግሞ በቆርቆሮ አልብሱ። ሳጥኑ ቢገለበጥ እንኳን ሠራዊቱ ቆሞ ይደርሳል። ከቤዙ በታች የወታደሩን ዓይነት በብዕር ጻፉ፤ ሌጌዎኑን ከትሪያሪ መለየት የማይችል ተጋጣሚ ዳኛ ይጠራል፣ እውነትም አለው።

አንድ የጦር ሰፈርም ያስፈልጋል። ሁለት ድንኳንና አንድ አጥር ከበቂ በላይ ነው።

ቦርሳው ውስጥ

የአንድ ቤዝ ወርድ የርቀት መለኪያ ስለሆነ ሜትር ከመጠቀም ይልቅ ከጠንካራ ካርቶን 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው በትሮች ቁረጡ፤ ርዝመታቸው 40፣ 80፣ 120 እና 160 ይሁን። የ40 በ40 ካሬው ከሁሉም በላይ የሚሠራ ነው፤ ከጠላት ቤዝ ፊት ስታስቀምጡት የስጋት ክልሉን በትክክል ያሳያል። በዚህ ክልል ውስጥ የገባ ቤዝ እንደፈለገ መዞር አይችልም፤ ወይ ወደዚያ ጠላት ይጠጋል፣ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይወጣል። በውድድር የሚነሳው ክርክር ግማሹ በዚህች ካሬ ካርቶን ይዘጋል።

ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ዳይሶች፣ ዳይስ መወርወሪያ ትሪ፣ ፈጣን ማጣበቂያ፣ የሕጉ መጽሐፍ፣ የሠራዊታችሁ ዝርዝር በሁለት ቅጂ (አንዱ ለዳኛው)፣ የመልክዓ ምድር ቁርጥራጮች። ጫካው ዛፎቹ የሚነሱለት ይሁን፤ ቤዝ ሲገባበት ዛፍ ተነቅሎ ድንበሩ ሳይነካ መቅረት አለበት።

ሜዳው

ለ15 ሚሊ ሜትር ምስሎች ትንሹ ሜዳ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስከ 80 የሚያሰፉ ውድድሮችም አሉ። ሁለቱም ተጫዋች ዳይስ ወርውሮ የሠራዊቱን የወራሪነት ቁጥር ይደምርበታል። ከፍተኛ ያመጣው ወራሪ፣ ሌላው ተከላካይ ይሆናል። ተከላካዩ መልክዓ ምድሩን ከራሱ አገር ዓይነት መርጦ ያስቀምጣል፤ ሠራዊቱንም ቀድሞ ይሰልፋል። ወራሪው የተሰለፈውን አይቶ ይሰልፍና የመጀመሪያውን ተራ ይወስዳል።

ስለዚህ ሁለት እቅድ ይዛችሁ ሂዱ። ተከላካይ ስትሆኑ ሮማን የመሰለ ከባድ እግረኛ ሜዳው መሃል ጫካ አይፈልግም፤ ቁርጥራጮቹን አሳንሳችሁ ወደ ዳር ግፏቸው። ወራሪ ስትሆኑ ደግሞ ጠላት ጫካውን የት እንዳስቀመጠው ብቻ ሳይሆን ከጫካው አጠገብ ማንን እንዳቆመ ተመልከቱ። በአስቸጋሪ መሬት ላይ ባለ ጦር 2 ነጥብ ያጣል፤ 4 የነበረው 2 ይሆናል። ሜዳ ላይ 3 ብቻ የሆነው ቀለል ያለ ታጣቂ እግረኛ ግን 3 እንደሆነ ይቀራል። ሜዳ ላይ ሲያሳድዱት የነበረውን ሰው ጫካ ውስጥ ተከትሎ መግባት ቤዝ መለገስ ነው።

አሰላለፉ ቀላል ይሁን። ስድስቱን ሰይፈኞች አንድ ቀጥ ያለ መስመር አድርጉ፤ በሁለቱም ጫፍ ትሪያሪ፤ አዝማቹና ሁለተኛው ፈረሰኛ ከመሃሉ ጀርባ ደጀን፤ ቬሊቴሶቹ ጫካ ባለበት ወይም ዝሆን በሚመጣበት በኩል። ቬሊቴስ ዝሆንን በውጊያ ከበለጠው ዝሆኑ ይደመሰሳል፤ ከዝሆን ፊት የሚያቆማቸውም ይኸው ነው።

ፒፕ፦ የትእዛዝ ቁጥብነት

በየተራው መጀመሪያ አንድ ዳይስ ይወረወራል። የወጣው ቁጥር የዚያ ተራ የትእዛዝ ብዛት ነው፤ ፒፕ ይባላል። አንድ ፒፕ አንድን ነጠላ ቤዝ ያንቀሳቅሳል፤ ጎን ለጎን ተያይዞ ወደ አንድ አቅጣጫ የቆመ ቡድንን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰውም ያው አንድ ፒፕ ነው። ስምንት ቤዝ በአንድ መስመር ሲቆም በ1 ፒፕ ይሄዳል፤ ሦስት ቦታ ሲከፈል 3 ፒፕ ይጠይቃል። ከስድስት ጊዜ ሁለቱን የሚወጣው 1 ወይም 2 ነው። ስለዚህ እቅዳችሁን በ2 ፒፕ እንዲሠራ አድርጋችሁ አስቡት። 5 ሲወጣ የሚገኘው ትርፍ ክንፍን ለማረም ይውላል።

በፍጥነት የሚለያዩ ወታደሮችን በአንድ ቡድን ማያያዝ ሌላው ወጥመድ ነው። ከባድ እግረኛ በተራ 2 የቤዝ ወርድ፣ ማለትም 80 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ፈጣን እግረኛ 3። ቡድኑ የሚሄደው በዝግተኛው ፍጥነት ነው። ፈጣኑን ለብቻው ብትለቁት ቀድሞ ደርሶ ብቻውን ይዋጋል። ለጠላት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ከተገናኙ በኋላ የሚፈለገው ፒፕ ይጨምራል፤ ያፈገፈገውን መመለስ፣ የተከፈተውን መዝጋት አለና። ከመገናኘታችሁ በፊት ባለው ተራ ዳይሱ 1 ወይም 2 ካመጣ ለመገናኘት አንድ እርምጃ ሲቀራችሁ ቁሙ። ጠላት ይምጣ።

ውጊያው በቅርብ ሲታይ

ሁለት ቤዝ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ሁለቱም ዳይስ ወርውረው ቁጥራቸውን ይደምራሉ። አነስተኛ ያመጣው በአብዛኛው ያፈገፍጋል። ድምሩ የጠላቱ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ይደመሰሳል። ጎኑ ላይ ሌላ ጠላት የገጠመው ቤዝ ኦቨርላፕ ሆኗል ይባላል፤ በአንድ ጎን 1 ነጥብ፣ በሁለቱም ጎን 2 ነጥብ ይቀነስበታል።

አሁን አንድ ሰይፈኛና አንድ ባለ ጦር እንያዝ። ሰይፈኛው 5 ነው። ባለ ጦሩ 4 ነው፤ በጎኑ ሌላ ባለ ጦር ተሰልፎ ሲደግፈው በሦስተኛው እትም 1 ይጨመርለትና 5 ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የሚቻለው ትልቁ ልዩነት 11 ለ6 ነው። 6 ከ11 ግማሽ ስለሚበልጥ ማንም ማንንም መደምሰስ አይችልም። ቀኑን ሙሉ ቢገፋፉ ከማፈግፈግ አያልፍም።

ባለ ጦሩ በአንድ ጎን ኦቨርላፕ ይሁን፤ 4 ሆነ። ከ36 የዳይስ ጥምረቶች 2ቱ ይደመስሱታል፤ እሱ 1 ሲያመጣ ሰይፈኛው 5 ወይም 6 ካመጣ። አሁን በግራና በቀኙ ያሉት ጓዶቹ አፈግፍገው እሱ ብቻውን ወጥቶ ይቅር። የጎን ድጋፉ ጠፋ፤ ሁለት ነጥብም ተቀነሰ፤ ቁጥሩ 2 ነው። ከ36ቱ 12ቱ ይደመስሱታል። ከዜሮ ወደ ሲሶ! ዳይሱም ወታደሩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው መስመሩ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ዋና ተግባራዊ ትምህርት የውጊያ ቅደም ተከተል ነው። ተራው የደረሰው ተጫዋች የትኛው ውጊያ ቀድሞ እንደሚፈታ ይመርጣል፤ ውጤቱም ወዲያው በቦታው ይፈጸማል። ስለዚህ ልትደመስሱት የምትፈልጉትን ቤዝ አትጀምሩበት። መጀመሪያ በግራው ያለውን፣ ቀጥሎ በቀኙ ያለውን ተዋጉ፤ ሲያፈገፍጉ የመሃሉ ይጋለጣል። ያኔ ወደ እሱ ዙሩ። ጀማሪዎች ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይፈታሉ፤ በጣም የሚያሳዝን ብክነት ነው። አሸናፊው ቤዝ ተከትሎ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የት እንደሚቆም አስቡ፤ ዛሬ ያሸነፈው በሚቀጥለው ተራ ራሱ በሁለት ጎን የተጋለጠ ሊሆን ይችላል።

ከጎን መምታት ከዚህም ይከፋል። የጠላት ፊት ጎኑን የነካው ቤዝ እንዲያፈገፍግ የሚያስገድድ ውጤት ከመጣበት ማፈግፈጊያ የለውም፤ ይደመሰሳል። በመስመራችሁ ጫፍና በሜዳው ዳር መካከል ክፍተት ካለ ደጀኑ እዚያ መድረስ የሚችልበት ርቀት ላይ ይቁም።

ለሮማ ሌላ ስጋት አለ፦ ጋሎችን በመሰሉ ሠራዊቶች ውስጥ የሚገኘው፣ በግለት ተንደርድሮ የሚገባው ዋርባንድ። ቁጥሩ በእግረኛ ላይ 3 ብቻ ነው፤ ሰይፈኛን ግን በአንድ ነጥብ እንኳን ከበለጠው ይደመስሰዋል። 5 ለ3 ሲጋጠሙ ይህ ከ36 በ6ቱ ይሆናል። ሰይፈኛው በአንድ ጎን ኦቨርላፕ ከሆነ ወደ 10 ያድጋል። በዚህ ጠላት ፊት በአንድ ቤዝ ረዝሞ መሰለፍ ደጀን ከማስቀመጥ ይበልጣል።

ድል የሚገኘው በተራው መጨረሻ ጠላት 4 ቤዝ ወይም አዝማቹን አጥቶ፣ ጠቅላላ ኪሳራውም ከእናንተ ሲበልጥ ነው። አዝማቹ ሲዋጋ 1 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ማባበያው ይህ ነው። 3 ለ3 ላይ ሆናችሁ አዝማቹን በተጋለጠ ቦታ ማስገባት ሙሉውን ጨዋታ በአንድ ዳይስ ማስያዝ ነው። 3 ለ1 እየመራችሁ ከሆነ ከነጭራሹ አታስገቡት።

ሰዓት፣ ዳኛና ነጥብ

ብዙ ውድድር ልክ እንደ ቼዝ በስዊስ ሥርዓት ይጣመራል፤ ያሸነፈ ካሸነፈ፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ጋር። ነጥብ አሰጣጡ ይለያያል። አንዳንዱ ለድል ብቻ ይሰጣል፤ አንዳንዱ የደመሰሳችሁትን ቤዝም ይቆጥራል። በሁለተኛው ዓይነት ሽንፈት ቢመጣም ሦስት ቤዝ ወስዶ መሸነፍ ባዶ እጅ ከመሸነፍ በብዙ ይሻላል። ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይህን አጣሩ።

60 ደቂቃ ካላችሁና መሬት ማስቀመጡና መሰለፉ 10 ከወሰደ 50 ይቀራል። ሁለታችሁም 10 ተራ ለመጫወት ለአንድ ተራ 2 ደቂቃ ተኩል ብቻ አለ። ተጋጣሚያችሁ ሲያስብ እናንተም አስቡ፤ ዳይሱ ከተወረወረ በኋላ ማሰብ የሚጀምር ሰው የሁለቱንም ሰዓት ይበላል።

ቤዝ ስታንቀሳቅሱ ሐሳባችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ይኼ ከፈረሰኛህ የስጋት ክልል ውጭ ነው የቆመው፣ ተስማማን?» ተስማምቶ ካለፈ በኋላ በሚቀጥለው ተራ አንድ ሚሊ ሜትር መከራከሪያ አይሆንም። ዘንብሎ የቆመ ዳይስ ይደገማል፤ ከትሪው የወጣም እንዲሁ፣ ይህንንም ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙበት። ከሁለት ደቂቃ በላይ ያልተፈታ ጥያቄ ሲኖር እጅ አንሥታችሁ ዳኛ ጥሩ። እስኪደርስ ድረስ ቤዝ አትንኩ፤ የተነካ ቤዝ ላይ ማንም ዳኛ ትክክል ሊፈርድ አይችልም። ፍርዱ ቢከፋችሁም በዚያ ዙር ይጸናል።

የውጤት ወረቀቱን ሁለታችሁም ፈርሙ። ከዚያ ሳጥኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ቤዞቹን ቁጠሩ፤ 12 እና አንድ ሰፈር። የተደመሰሱት ብዙ ጊዜ ከመልክዓ ምድሩ ቁርጥራጭ ሥር ወይም ከተጋጣሚያችሁ ትሪ አጠገብ ይቀራሉ፤ አንድ ቬሊቴስ የጎደለው ሠራዊት ደግሞ የሚቀጥለውን ዙር በ11 ቤዝ ይጀምራል።